«ለቤተሰቤ ስል ነው»



ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን «የማደንቀው ሰው» በሚል ርእስ አጭር ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝናቸው። እንደተለመደው አንዱ አባቱን፣ ሌላዋ እናቷን፣ ሌላው ሐኪም የሆነ አጎቱን፣ ጥቂቶችም የእግር ኳስ ተጫዋች መርጠው ጻፉ። ከመካከላቸው አንድ ዝምተኛና በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ልጅ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ በመድረሳ ከእኛው ዘንድ ይቀራል። እርሱ የጻፈው ስለ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። የሙያ ባልደረባችን ተመሰገነ ብለን ደስ እያለን ማንበብ ጀመርን። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ግን መምህሩ በሕይወት ያለ ሰው ሳይሆን የአንድ አሜሪካዊ ተከታታይ ፊልም ገጸ ባሕርይ፣ ሥራውም አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል መሆኑን ተረዳን። የድርሰቱ መደምደሚያ እንዲህ ይላል፦ «ብዙ ሰው ገድሏል፤ ቢሆንም ሁሉንም ያደረገው ለቤተሰቡ ሲል ነው።»

ቀይ ብዕራችንን አንሥተን «ርእሱን ስተሃል» ብለን ልንጽፍበት ነበር። ይሁንና ያላየነውን ነገር ማረም አግባብ መስሎ አልታየንም። ልጁን ጠርተን «ይህን ፊልም ከየት አገኘኸው?» ብንለው፣ «ሁሉም ልጅ በፍላሽ ይዞታል ኡስታዝ» ሲል መለሰልን። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት፣ ልጆቻችን ከተኙ በኋላ፣ ከባለቤታችን ጋር ቁጭ ብለን 62ቱንም ክፍሎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየናቸው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስላየነው፣ በተለይም ተመልካችን እጅግ ስላስደነገጡት ትዕይንቶች ነው። ፍጻሜው ከወዲሁ እንዲነገረው የማይሻ አንባቢ ካለ ይህን ጽሑፍ ቢያልፈው አንቀየምም።

ሰውየው ማን ነው?

ፊልሙ «ብሬኪንግ ባድ» ይባላል። በግርድፉ ከቀናው መንገድ ወጥቶ ወደ ክፋት መግባት እንደ ማለት ነው። ኤኤምሲ በተባለው የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 እስከ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013 በአምስት ምዕራፍ ታየ። የፈጠረው ቪንስ ጊሊጋን ሲሆን፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ብራያን ክራንስተን በዚህ ሥራው የኤሚ ምርጥ ተዋናይ ሽልማትን አራት ጊዜ ወስዷል። ታሪኩ የሚፈጸመው፣ ፊልሙም በአብዛኛው የተቀረጸው በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ ነው።

ዋልተር ዋይት 50 ዓመት የሞላው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ደመወዙ ስለማይበቃው ከትምህርት በኋላ መኪና በሚታጠብበት ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል። አንድ ቀን ተንበርክኮ የመኪና ጎማ ሲያጸዳ የመኪናው ባለቤት የገዛ ተማሪው ሆኖ ይገኛል። መምህር የሆነ ሰው ይህን ሲያይ አንጀቱ አይችልም፤ የእኛም አልቻለም። ባለቤቱ ስካይለር ነፍሰ ጡር ናት። ወንዱ ልጁ ከልደቱ ጀምሮ የእንቅስቃሴ ችግር ስላለበት በክራንች ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ላይ ዋልተር ቀዶ ጥገና የማያድነው የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ይነገረዋል። የሚስቱ እኅት ባል ሃንክ ደግሞ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ፖሊስ ነው። ዋልተር ሃንክ የያዘውን የወንጀለኞች ገንዘብ ክምር በዜና ያይና ልቡ ይሸፍታል። ጄሲ ፒንክማን ከተባለ የቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖም ሜታምፌታሚን የተባለውን ዕፅ ማብሰል ይጀምራል።

ጊሊጋን ዓላማውን ደጋግሞ ተናግሯል። በሌሎች ተከታታይ ፊልሞች ዋናው ሰው ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ እርሱ ግን ደግ መምህር ሆኖ የተነሣ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ወንበዴ አለቃነት ሲለወጥ ማሳየት ፈለገ። የፊልሙ አስደንጋጭነት ከዚህ ይመነጫል። ሰውየው በአንድ ሌሊት አይለወጥም። በየደረጃው አንድ እርምጃ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም «ለቤተሰቤ ስል ነው» ይላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ዋልተር ለቤተሰቡ የሚበቃውን ገንዘብ በቃሉ ያሰላል። ለሁለት ልጆች የኮሌጅ ትምህርት 360,000 ዶላር፣ ለቤት ዕዳ 137,000፣ ለአሥር ዓመት ቀለብና ልብስ 240,000፤ በድምሩ 737,000 ዶላር። አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

ደም ያልፈሰሰበት የመጀመሪያው ድንጋጤ

ወጣቶች ስለዚህ ፊልም ሲያወሩ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ የደሙን ነገር ነው። በአሲድ የሟሟ ሬሳ ከነመታጠቢያ ገንዳው ጣራ ቀድዶ ሲወርድ፣ የተቆረጠ ራስ በዔሊ ጀርባ ላይ ተጭኖ በበረሃ ሲሄድ እያሉ ይተርካሉ። እነዚህ ትዕይንቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለልጅ ዓይን የሚገቡም አይደሉም። እኛን ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነገጠን ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የታየው አምስተኛው ክፍል ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አይገደልም።

ዋልተር እስከዚያ ድረስ አንድ ጊዜ ዕፅ አብስሎ፣ በዚያው ሳቢያ ሁለት ሰዎችን ገድሎ ከነገሩ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ኤሊየት የተባለው የድሮ ጓደኛው፣ ዛሬ ትልቅ ኩባንያ ያለው ሀብታም፣ ሥራ ሊሰጠው፣ የሕክምና ወጪውንም ሊሸፍንለት ይነሣል። የኤሊየት ሚስት ግሬቸንም ስልክ ደውላ ትለምነዋለች። ዋልተር ግን እምቢ ይላል። ኩባንያውን አብሮ መሥርቶ ሳለ ድርሻውን በ5,000 ዶላር ሸጦ መውጣቱ ሲቆጨው የኖረ ሰው ነው፤ ኩራቱ የጓደኛውን እርዳታ እንዲቀበል አልፈቀደለትም። በዚያው ክፍል መጨረሻ ተመልሶ የጄሲን በር ያንኳኳና እናብስል ይለዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ችግር ሐራም ውስጥ አስገባው የሚለው ምክንያት ያለቀለት እዚህ ላይ ነው። የሐላል በር ተከፍቶለት ነበር፤ በገዛ እጁ ዘጋው። ከዚህ በኋላ የሚሞቱት ሰዎች ሁሉ የሚሞቱት ድህነት ስላጠቃው ሳይሆን «ተረዳ» መባልን ስለጠላ ነው። ባለቤታችን እዚህ ላይ ስትደርስ «አሁን ማን ሊያዝንለት ነው?» አለች። እኛ ግን ማዘናችንን አልተውንም። ይህንንም ኋላ እንመለስበታለን።

እጁን የሰበሰበበት ሌሊት

ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሌሊት እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2009 በታየው ክፍል ውስጥ ነው። ጄሲ ጄን ከተባለች ልጅ ጋር ይኖራል፤ ሁለቱም ሄሮይን መውሰድ ጀምረዋል። ጄን የዋልተርን ምስጢር ስላወቀች የጄሲን ድርሻ ገንዘብ ካልሰጠህ አጋልጥሃለሁ ብላ አስፈራርታዋለች። ዋልተር ሴት ልጁ የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው፤ በዚያች ምሽትም ከቤት የወጣው የሕፃን ዳይፐር ሊገዛ ነበር። በመንገዱ አንድ መጠጥ ቤት ይገባና ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ልጆች ያወራል። ሰውየው በቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ይመክረዋል። ይህ መካሪ የጄን አባት ነው፤ ሁለቱም ግን አያውቁም።

ከዚያ ዋልተር ወደ ጄሲ ቤት ይሄዳል። ሁለቱ ዕፁ አደንዝዟቸው ተኝተዋል። ጄሲን ሊቀሰቅስ ሲነቀንቀው ጄን በጀርባዋ ትገለበጣለች፤ ታስመልስና ትንፋሽ ያጥራታል። ዋልተር ሊረዳት ዘልሎ ይጠጋል፤ እጁንም ይዘረጋል። ይቆማል። እጁን ይሰበስባል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እስክትሞት ድረስ ያያታል። ወደ ጎን ቢያዞራት ትድን ነበር።

ጊሊጋን እንደተናገረው፣ መጀመሪያ የታሰበው ዋልተር በገዛ እጁ ተጨማሪ ዕፅ ወግቶ እንዲገድላት ነበር፤ ይህ ለዚያ ጊዜ እጅግ ከባድ ነው ተብሎ ተለወጠ። እኛ ግን የተለወጠው ከመጀመሪያው የከፋ መሰለን። በእጁ የገደለ ሰው መግደሉን ያውቃል። ቆሞ ያየ ሰው ግን «እኔ ምን አደረግሁ? ምንም አላደረግሁም» ብሎ ቤቱ ገብቶ ሊተኛ ይችላል። ተዋናዩ ክራንስተን ይህን ትዕይንት ሲቀረጽ በተዋናይቱ ፊት የገዛ ልጁ ፊት ድንገት እንደ ታየውና እንዳለቀሰ ኋላ ተናግሯል። ዋልተር ዋይት ያላየውን እርሱ አየ ማለት ነው፤ የምትሞተው የሰው ልጅ መሆኗን።

ያች ሌሊት በጄን ብቻ አላበቃችም። አባቷ የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪ ነው። በሐዘን እንደ ተዋጠ ወደ ሥራው ሲመለስ ይሳሳትና ሁለት አውሮፕላኖች በአልበከርኪ ሰማይ ላይ ይጋጫሉ፤ 167 ሰዎች ያልቃሉ። የምዕራፉ መዝጊያ ይህ ነው። አንዳንዶች ነገሩ የተጋነነ ነው ብለው ተችተውታል። እኛ ግን በክፍላችን ብዙ ጊዜ የምንናገረውን ነገር አስታወሰን፦ የበደል ዳርቻው የት እንደሆነ በዳዩ አያየውም።

መምህሩ ለተማሪው ያወረሰው

ሦስተኛው ምዕራፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2010 ነው። በዚያን ጊዜ ዋልተር ጋስ ፍሪንግ ለተባለ የዕፅ ነጋዴ ይሠራል። ጋስ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የዶሮ ምግብ ቤቶች ባለቤትና ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰጥ ጨዋ ሰው ነው። ይህ ሰው ዋልተርን አስወግዶ ጌል የተባለውን ረዳት ሊተካበት መወሰኑ ሲታወቅ፣ ዋልተር ጄሲን ስልክ ደውሎ «አንተ ግደለው» ይለዋል። ጌል በሩን ሲከፍት ጄሲ ሽጉጥ ደግኖ ቆሟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንባው ይወርዳል። ይተኩሳል። ምዕራፉ እዚያው ላይ ይቆማል።

ሰው የገደለ ተማሪ ታሪክ በየፊልሙ ሞልቷል። መምህሩ ያስገደለው ተማሪ ግን እኛን እንቅልፍ ነሣን። ጄሲ ትምህርት የማይገባው ሰነፍ ልጅ ተብሎ የተተወ ነበር። በዕድሜው ሁሉ «ጎበዝ፣ በደንብ ሠራህ» ያለው መምህር ዋልተር ነው፤ ይህንንም ያለው ዕፅ ሲያበስሉ ነው። ልጁ ያችን ምስጋና ስለ ተራበ ተከተለው። እኛ መምህራን ለደካማ ተማሪ አንድ ደግ ቃል ሳንናገር የዋልንባቸው ቀኖች ስንት ናቸው? ያን ቃል በመጥፎ ቦታ የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ አለ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2011 ሲጀምር ጋስ ወደ ማብሰያው ቤት ይገባል። አንዲት ቃል ሳይናገር ልብሱን አውልቆ የሥራ ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ቪክቶር የተባለውን የገዛ ሎሌውን ጉሮሮ በካርቶን መቁረጫ ምላጭ ያርደዋል። ታጥቦ ልብሱን ይቀይራል፤ መነጽሩን ያደርጋል፤ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ ብሎ ይወጣል። ፊልሙ በዚህ ትዕይንት ሙዚቃ አላስገባበትም። ዋልተር ሲያብብ ያሰበው «ንግድ» ምን እንደሆነ የገባው እዚህ ነው። ቢሆንም አልሸሸም፤ የጋስን ቦታ ተመኘ።

የአበባው ማሰሮ

አራተኛው ምዕራፍ በኦክቶበር 9 ቀን 2011 ሲዘጋ ጋስ በቦምብ ይሞታል። ከፍንዳታው ክፍል በእግሩ ወጥቶ ክራቫቱን ያስተካክላል። ካሜራው ዞር ሲል ግማሽ ፊቱ የለም፤ ከዚያም ይወድቃል። በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት ትዕይንት ይህ ነው። ተመልካቹም «እፎይ፣ ዋልተር ዳነ» አለ።

በዚያው ክፍል የመጨረሻ ሰኮንዶች ግን ካሜራው ወደ ዋልተር ቤት ጓሮ ይሄዳል። እዚያ አንድ የአበባ ማሰሮ አለ፤ በላዩ ላይ የአበባው ስም ተጽፎበታል። ተመልካቹ ያን ስም ቀደም ብሎ ሰምቶታል። የጄሲ ወዳጅ የሆነችው ሴት ትንሽ ልጅ ብሮክ ሊሞት የደረሰው በዚያ አበባ መርዝ ነበር። ልጁን የመረዘው ጋስ ነው ተብሎ ጄሲ በጋስ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ለካስ የመረዘው ዋልተር ነው። አባት የሆነ፣ መምህር የሆነ ሰው የሌላውን ሕፃን መርዞ ጦር አደረገው።

ፍንዳታው ጮኸ፤ አበባው ግን ድምፅ አልነበረውም። የቱ ያስደነግጣል? እኛ መልሱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

በበረሃ የቆመው ልጅ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2012 የታየው ክፍል የባቡር ዘረፋ ነው። ዋልተርና ባልደረቦቹ ለሥራቸው የሚያስፈልገውን ፈሳሽ ኬሚካል ከባቡር ታንከር ቀድተው በምትኩ ውኃ ያስገባሉ። ማንም እንዳይሞት ታስቦ የተቀነባበረ ስለሆነ ተመልካቹ ልክ እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ተይዞ ያየዋል። ተሳካላቸው! ይጮኻሉ፤ ይተቃቀፋሉ። ዞር ሲሉ አንድ ታዳጊ ልጅ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። በጠርሙስ ውስጥ ከበረሃ የያዛት ሸረሪት አለች። ልጁ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል። ከዋልተር ሰዎች አንዱ የሆነው ቶድም እጁን አንሥቶ ይመልሳል፤ ከዚያ ሽጉጡን ያወጣና ይተኩሳል። ክፍሉ አለቀ።

እኛ ያን ጊዜ ሶፋው ላይ ወደፊት ተንጠራርተን ዘረፋው እንዲሳካ ስንመኝ ነበር። ጥይቱ ሲጮህ አፈርን። ልጁን የገደለው ቶድ ቢሆንም በደስታው ተካፋይ ነበርን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዋልተር ስለዚያ ልጅ በሐዘን እንቅልፍ እንደማይወስደው ለጄሲ ይነግረዋል፤ ዞር ብሎ ሥራውን ሲቀጥል ግን ዜማ ያፏጫል። ጄሲ ፉጨቱን ይሰማል። ተማሪው መምህሩን ያወቀው በዚያች ፉጨት ነው።

80 ሚሊዮን ዶላር ያልገዛው ነፍስ

አሁን ወደ ቁጥራችን እንመለስ። 737,000 ዶላር የፈለገው ሰው በመጨረሻ ያከማቸው ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሰባት በርሜል ሞልቶ በበረሃ ቀበረው።

ብዙ ተመልካች የፊልሙ ሁሉ ቁንጮ የሚለው ክፍል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2013 ታየ። ሃንክ እውነቱን ደርሶበት ዋልተርን በዚያው በረሃ ይዞታል። ዋልተር የጠራቸው ወንበዴዎች ግን መጥተው ሃንክን አቁስለውታል። ያን ጊዜ ዋልተር ተንበርክኮ ይለምናል፦ 80 ሚሊዮኑን ሁሉ ውሰዱ፣ ይህን ሰው ብቻ ተዉልኝ። ሃንክ ያየዋል። አንተ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ብልህ ነህ፣ ይህ ሰው ግን ቀድሞ እንደ ወሰነ ማየት አቃተህ፣ ዓይነት ነገር ይለዋል። ጥይቱ ይጮሃል። ወንበዴዎቹ ስድስቱን በርሜል ወስደው አንዱን ይተዉለታል። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይጠቅም የነበረባት አንዲት ደቂቃ እርሷ ነበረች፤ በዚያች ደቂቃም አልጠቀመም።

ከዚያ ዋልተር ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ቢላዋ ይዛ ትጠብቀዋለች። ሲታገሉ ወንዱ ልጅ፣ ያ በክራንች የሚሄደው፣ በእናቱ ላይ ተደፍቶ ይከልላትና ፖሊስ ይጠራል። ዋልተር «እኛ ቤተሰብ ነን!» እያለ ይጮሃል። ማንም አልመለሰለትም። ሕፃኗን ሆሊን ይዞ ይሸሻል። ኋላ ዳይፐር ሲቀይርላት ሕፃኗ «ማማ፣ ማማ» ትላለች። ይህ በጽሑፉ ያልነበረ ነው፤ ሕፃኗ ከካሜራው ጀርባ የቆመችውን እውነተኛ እናቷን አይታ ጠራቻት፤ ቀራጮቹም እንዳለ ተዉት። ዋልተር ያን ሰምቶ ልጅቷን በእሳት አደጋ ጣቢያ አስቀምጧት ይሄዳል።

ቀጥሎ በሰሜን በበረዶ ተከብቦ በአንዲት ጎጆ ለብቻው ተደብቆ እናየዋለን። በርሜሉ አጠገቡ ነው። ቀለብ የሚያመጣለትን ሰው ጥቂት እንዲያጫውተው ይለምነዋል፤ ሰውየው ለአንድ ሰዓት 10,000 ዶላር ተቀብሎ ይቀመጣል። ከሲታ ከመሆኑ የተነሣ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ይወልቃል፤ በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ያስራታል። ለልጁ 100,000 ዶላር ልላክልህ ብሎ ስልክ ሲደውል ልጁ ለምን አትሞትም ብሎ ይጮህበታል።

በመጨረሻው ክፍል ዋልተር በድብቅ ወደ ስካይለር ይመጣል። ልታስቆመው ትሞክራለች፤ ለቤተሰቤ ስል ነው የሚለውን እንደገና መስማት አልፈልግም ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ይናገራል። ለራሴ ነው ያደረግሁት፤ ወድጄው ነበር፤ ጎበዝም ነበርኩበት ይላታል። ለእኛ ከፍንዳታውም ከጥይቱም ሁሉ ይበልጥ የከበደው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለልጆቻችን ሥራ ሁሉ በኒያ ይመዘናል ብለን ስናስተምር አንድ ነገር መጨመር አለብን፦ ደግ ኒያ ሐራሙን ሐላል አያደርገውም፤ ደግሞም ሰው የገዛ ኒያውን ለራሱ ሊዋሽ ይችላል፤ ለዓመታት።

ከመስኮቱ ወዲህ

የመጨረሻው ድንጋጤ በፊልሙ ውስጥ የለም። የስካይለርን ቦታ የተጫወተችው አና ገን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣች። ተመልካቾች ስካይለርን እጅግ እንደሚጠሏት፣ ጥላቻውም ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ እርሷ ወደ ተዋናይቱ እንደ ደረሰ፣ እስከ ግድያ ዛቻ የጻፈ ሰው እንዳለ ገለጸች። አስቡት! የገደለው ባል እየተወደደ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ያለችው ሚስት ተጠላች።

«አሜሪካኖች ጉድ ናቸው» ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ስካይለር ባሏን ስትጠይቅ «ይህች ሴት አትተወውም እንዴ?» ብለን ማጉረምረማችንን ባለቤታችን አስታወሰችን። «ሃንክ ሊይዘው ሲቀርብ ትጨነቅ የነበርከው ለማን ነው?» ብላም ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ሐላል እንጀራ የሚበላው ፖሊስ እንዳይደርስበት ለዕፅ ነጋዴ እንጨነቅ ነበር። ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ስላወቅነው፣ ደመወዙም እንደ እኛ ስለማይበቃው፣ እያንዳንዱን ሰበቡን አብረነው ተቀበልን። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለፈን፣ ኪታብም ቀለምም የቀመስን ሰዎች እንዲህ ከሆንን፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ያን ድርሰት ቢጽፍ ምን ይገርማል?

ወላጆች አንዳንዴ «ፊልሙ ዕፅ ማብሰል ያስተምር ይሆን?» ብለው ይጠይቁናል። በዚህ በኩል አዘጋጆቹ ተጠንቅቀዋል። ዶና ኔልሰን የተባሉ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር አማክረዋቸዋል፤ አሠራሩ ግን ሆን ተብሎ ሙሉ ሆኖ አይታይም። ያ ሰማያዊ ዕፅም በቀረጻው ላይ የስኳር ከረሜላ ነበር። ፊልሙ ዕፅ ማብሰል አያስተምርም፤ ሰበብ እንዴት እንደሚበስል ግን እጅግ አጥርቶ ያሳያል። ማየት ያለበት የአእምሮ ብስለት ያለው ሰው ነው። ልጅዎ ደብቆ አይቶት ከሆነ ግን ፍላሹን ከመስበርዎ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብለው «ማንን ወደድክ? ለምን?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ከፊልሙ ይልቅ ስለ ልጅዎ ብዙ ይነግርዎታል።

ድርሰቱን ስንመልስ

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጁን ጠርተን ድርሰቱን መለስንለት። ቀይ ብዕር አልነካውም። ከታች አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈንበታል፦ «ቤተሰቡን ጠይቆ ነበር?»

ልጁ አነበበና ዝም አለ። ከዚያ «ልጁ በስልክ የጮኸበትን ክፍል አይተኸዋል ኡስታዝ?» አለን። አይተነዋል አልነው። እንደገና ዝም አለ።

«አባቴ ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ነው የሚሠራው» አለ ቆይቶ። «ስለ እርሱ ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ምንም የሚጻፍ ነገር ያለው አልመሰለኝም።»

ለዚህ የሚሆን መልስ ቶሎ አልመጣልንም። መምህር ሁሉ የሚያውቃት የዝምታ ጊዜ ናት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ልጁ ጠየቀን።

«ኡስታዝ፣ የጓደኞቹን ገንዘብ ቢቀበል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ፊልሙ አምስተኛው ክፍል ላይ ያልቅ ነበር» አልነው። «ሕክምናውን ይጀምራል፤ ማታ ከልጆቹ ጋር እራቱን ይበላል፤ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ይገባል። ማንም ቁጭ ብሎ የሚያየው ታሪክ አይሆንም ነበር።»

ልጁ ፈገግ አለ። ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተና «ድርሰቱን እንደገና ብጽፈው ይታረምልኛል?» ሲል ጠየቀን። ይታረምልሃል አልነው። ባለፈው ሳምንት አመጣው። ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ የሚጀምረውም ሌሊቱን ቆሞ ያደረ አባት በፈጅር ሰዓት የቤቱን በር እንዴት አድርጎ ቀስ ብሎ እንደሚከፍት፣ የተኙት ልጆቹ እንዳይነቁ ጫማውን ከደጅ እንዴት እንደሚያወልቅ በመንገር ነው።

ወላሁ አዕለም።